ከሸክላና ከእንጨት ስለሚሠራ መብራት የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ታናሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ከሸክላና ከእንጨት ስለሚሠራ መብራት ነው። ነገሩ ታናሽ ቢሆንም ሁለት ታላላቅ ትምህርቶች አሉበት፤ አንደኛው የእጅ ሥራ በአሳብና በልክ መጀመር እንዳለበት ነው፤ ሁለተኛውም ሠሪው ሊከበር እንደሚገባው ነው።

መብራት ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ጥቅሙን ያስብ። ተማሪ በሌሊት የሚያነብበት ከሆነ ነበልባሉ ከመጽሐፉ ከፍ ማለት አለበት፤ ስለዚህ ከፍ አድርጎ የሚይዘው ምሰሶ ከእንጨት፥ እሳትና ዘይት የሚነካው ክፍል ሁሉ ከሸክላ ይሁን። እንጨት ቢወድቅ አይሰበርም፥ ነገር ግን ይቃጠላል፤ ሸክላ አይቃጠልም፥ ነገር ግን ይሰበራል። እንግዲህ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ሥራው ከሸክላው ይጀመር። ጭቃው ከጠጠር ይጥራ፤ በእሳት ጊዜ እንዳይሰነጠቅም የተፈጨ ገል ይጨመርበት። የዘይቱ ጽዋ አፉ ሰፊ፥ ጥልቀቱ ትንሽ ይሁን፤ ዘይት በጥጥ ፈትል ሽቅብ የሚሳበው ጥቂት ብቻ ነውና፥ ጽዋው ጥልቅ ከሆነ ዘይቱ ሳያልቅ መብራቱ ይጠፋል። ለፈትሉ ማረፊያ እንዲሆን አፉ በአንድ ወገን ይቆንጠጥ። ከጽዋው በታች ሰፊ ሳሕንና አጭር እግር አብረው ይሠሩ፤ ሸክላ ዘይት ያዣልና፥ የሚወርደው ሁሉ በሳሕኑ ይቀራል እንጂ እንጨቱን አያረጥበውም። ከዚህ በኋላ በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ፈጽሞ ሲደርቅም በእሳት ይተኮስ።

እንጨቱ በመጨረሻ ይጠረብ። ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ ይኮማተራል፤ እንደ አፈሩ ዓይነት ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ በርጥቡ ጭቃ ልክ እንጨት የሚፈለፍል ሰው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ከእሳት የወጣ ሸክላ አይጨመርበትም፥ አይቀነስለትምም፤ እንጨት ግን ይላጋል። ዋንዛ ወይም ወይራ በጥላ ብዙ ጊዜ የደረቀ ይመረጥ፤ መቆሚያውም ሰፊ ይሁን። ቀዳዳው ከሸክላው እግር ጥቂት ይስፋ፤ እንጨት በዝናብ ወራት ያብጣል፥ በበጋ ይሰበሰባልና፥ ጠብቆ ከተገጠመ ሸክላውን ይሰብረዋል ወይም ራሱ ይተረተራል። ክፍተቱ በቀጭን ቆዳ ይያዝ።

በዚህ ጽዋ የሚነደው የኑግ ወይም የጉሎ ዘይት ነው። ላምባና ቤንዚን በክፍት ጽዋ ማድረግ ቤት ያቃጥላል፤ ፈጽሞ አይደረግ። ሕፃንም ከእሳት ጋር ብቻውን አይተው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እመለሳለሁ። ይህን ጥበብ የምታውቀው በየመንደራችን ያለችው ሸክላ ሠሪ ናት። እኛ ግን ከምጣዷ እንጀራ እየበላን፥ ከጀበናዋ ቡና እየጠጣን፥ እርሷን መናቅ ልማድ አድርገን ኖረናል። በኦሪት የመቅደሱን መቅረዝ የሠራው ባስልኤል ጥበቡን ከእግዚአብሔር እንደ ተቀበለ ተጽፏል። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ አፍን ይከለክላል፤ ልብን የሚመልስ ግን ትምህርት ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ሸክላ ሠሪዋንና አናጢውን ወደ ትምህርት ቤት ጥሯቸው፤ በልጆች ፊት በክብር ወንበር አስቀምጧቸው፤ የድካማቸውንም ዋጋ ክፈሏቸው። እናንተም ሽማግሎች፥ በዚያ ቀን መጥታችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ልጅ የሚያከብረው አባቱ ሲያከብር ያየውን ነውና።

እግዚአብሔር የትምህርት ቤቶቻችንን ሥራ ይባርክልን።