ልጅ ፍለጋ ባሕር ስለሚሻገሩ ጎረቤቶቻችን

(በሐሙሲት የሰፈራችን መረዳጃ እድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በእድሩ ጽሕፈት ቤት ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ከመዋጮና ከድንኳን ነገር ወጣ ብለን የምንነጋገርበት ጉዳይ አለ። ሰሞኑን በየቡናው ላይ «እገሌና እገሊት በሬ ሸጡ፣ ልጅ ለማግኘት ሕንድ አገር ሊሄዱ ነው» የሚል ወሬ ይነሣል። እኛ የማንንም ስም አንጠራም፤ እንዲጠራም አንፈቅድም። ወሬው እውነት ሆነም አልሆነም ነገሩ ግን እድርን ይመለከታል። እድር የቆመው ለቀብር ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲጨነቅም ነው።

ሰውን ከከብት ማወዳደራችን አይደለም፤ ግን ከምናውቀው እንጀምር። የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የተጠራ ነው፤ አንዳሳ ያለው የእንስሳት ምርምር ማዕከልም በዝርያዋ ላይ ይሠራል። ላሚቱ አልጸንስ ስትል ደህና ከብት አርቢ ምን ይላል? «ኮርማውስ ደህና ነው ወይ?» ይላል። ወደ ሰው ቤት ስንመጣ ግን ይህን የሚጠይቅ የለም። ሴትዮዋ ብቻ «መካን» ትባላለች። አማት ታጉረመርማለች፣ ዘመድ ይመክራል፣ ትፈታለች። ሰውዬውም ሌላ ያገባል፤ ከሁለተኛይቱም ሳይወልድ ይቀራል። የፊተኛይቱ ደግሞ ሌላ ባል አግብታ ስትወልድ ይታያል። እንግዲህ ማን ነበር መካኑ?

ሐኪሞች የሚሉት ይህ ነው። ባልና ሚስት መከላከያ ሳይወስዱ 12 ወር አብረው ኖረው ካልተጸነሰ ሁለቱም ይመርመሩ፤ ሴትዮዋ 35 ዓመት ካለፋት ከ6 ወር በኋላ ይሂዱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2023) እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር ይገጥመዋል። ችግሩ ካጋጠማቸው ጥንዶች በግማሹ ገደማ ደግሞ የወንዱም ድርሻ አለበት፤ አንዳንዴ የሱ ብቻ ነው።

በሴት በኩል አንዱ ዋና ምክንያት የማህፀን ቱቦ መዘጋት ነው። ይህም ሳይታከም ከቆየ ጨብጥና ከመሳሰለው የአባላዘር በሽታ፣ ንጽሕና ከጎደለው ውርጃ፣ ከወሊድ በኋላ ከሚመጣ ቁስለት ወይም ከሳንባ ነቀርሳ ሊመጣ ይችላል። በወንድ በኩል ዘሩ ያንሳል፣ አይንቀሳቀስም፣ ወይም ጭራሽ አይገኝም። ካደጉ በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ የዘር ፍሬን አሳብጦ ሊጎዳ ይችላል። ወንድነቱ ደህና የሆነ ሰውም ዘር ላይኖረው ይችላል፤ ሁለቱ ነገር አንድ አይደለም። ኧረ ይህን ወንዶች ልብ በሉት!

የወንድ ምርመራ ደግሞ ቀላል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ዘሩን በንጹሕ ዕቃ ይሰጣል፤ በማይክሮስኮፕ ይታያል። መርፌ የለው፣ ሕመም የለው። የሴትዮዋ ግን በአልትራሳውንድም፣ በማህፀን መድኃኒት ተረጭቶ በራጅም ነው። ቀላሉ ምርመራ ሳይደረግ በሬ መሸጥ ለምን? ባሕር ዳር ቅርባችን ነው፤ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። እዚያ የማህፀን ሐኪም አማክሮ መጀመር ነው።

አሁን ወደ ሕክምናው እንምጣ። «በጠርሙስ የሚወለድ ልጅ» የሚሉት አሉ፤ እንዲያ አይደለም። ሴትዮዋ ዐሥር ቀን ያህል በየቀኑ መርፌ ትወጋለች፤ እንቁላሎቿ በርከት ብለው እንዲበስሉ ነው። ከዚያ በአልትራሳውንድ እየታየ በቀጭን መርፌ ይወጣሉ። በዚያው ቀን ከባሏ ዘር ጋር በመስታወት ዕቃ ይገናኛሉ። ጽንሱ ከ3 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ በቀጭን ቱቦ ወደ ማህፀኗ ይገባል። መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ከያዘ እንደማንኛዋም እናት ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ አምጣ ወይም በቀዶ ጥገና ትወልዳለች።

በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ልጅ የተወለደችው ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. (በፈረንጆች ጁላይ 25 ቀን 1978) እንግሊዝ አገር ኦልድሃም ከተማ ነው። እናቷ ሌስሊ ብራውን ቱቦዋ ተዘግቶ ነበር፤ ባሏ ጆን የባቡር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሀብታም አልነበሩም። ዘጠኝ ዓመት ልጅ ፈልገው አጥተው ከሚኖሩበት ከብሪስቶል ወደ ኦልድሃም ተመላለሱ። ልጃቸው ሉዊዝ አድጋ ራሷ እናት ሆናለች። ከሐኪሞቹ ጋር የሠራው ሊቅ ሮበርት ኤድዋርድስ በ2003 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2010) የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

በአገራችን ይህ ሕክምና እስኪጀመር ድረስ ያለው ሰው ወደ ውጭ ይሄድ ነበር፤ የሌለው ዝም ብሎ ይኖር ነበር። በ2011 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2019) ግን አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመጀመሪያው የመንግሥት ማዕከል ተከፈተ። በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታስተምር የነበረችው ኢትዮጵያዊት ሐኪም ፕሮፌሰር ሰናይት ፍስሐ በዚህ ብዙ ደክማለች። በግል የተከፈቱም አሉ። በመሆኑም ባሕር ከመሻገር በፊት አዲስ አበባ ጠይቆ መሄድ ይሻላል። ወረፋ በዝቶበት ወይም ውጭ ያለ ዘመድ እከፍላለሁ ብሎት የሚሄድ ቢኖር ግን አንፈርድበትም።

ለሚሄዱት የምንለው አለን። አንደኛ፣ ገንዘብ በደላላ እጅ አይሰጥ። ዋጋው መድኃኒቱን፣ ማረፊያውንና ሁለተኛ ሙከራ ቢያስፈልግ ያንን ጨምሮ በጽሑፍ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ የአገሩን ሕግ ይወቁ። ሕንድ በ2014 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2021) ባወጣችው ሕግ ለዚህ ሕክምና የዕድሜ ወሰን አድርጋለች፤ ለሴት ከ21 እስከ 50፣ ለወንድ ከ21 እስከ 55 ዓመት ነው። ሦስተኛ፣ ያልገባቸውን ወረቀት አይፈርሙ። ስንት ጽንስ እንደሚገባ ይጠይቁ፤ ብዙ ሲገባ መንታና ሦስት ይመጣል፣ ያለጊዜው መወለድም ይከተላል። አራተኛ፣ ከመርፌው በኋላ ሆድ ከመጠን በላይ ከተነፋ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሽንት ከቀነሰ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ከሁሉም በላይ ይህን ይወቁ፤ እኛም እንወቅ። ሕክምናው ቃል ኪዳን አይደለም። ለወጣት ሴት እንኳ ከሙከራው አብዛኛው በአንድ ጊዜ አይሳካም፤ ከ40 ዓመት በኋላ ደግሞ ተስፋው በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ ብዙ ናቸው። በሬው ተሽጦ፣ ዕዳው ቀርቶ፣ መንገድ ላይ ስንደርስባቸው «እህ፣ ያዘ?» ብንላቸው ምን ይሰማቸዋል? ሐና ልጅ አጥታ በቤተ መቅደስ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ እንኳ የሰከረች መስሎት ገሥጿታል። ካህን ያላየውን የሰው ልብ እኛ በቡና ላይ እናያለን ወይ? ጸበል የሚጠጣ ይጠጣ፣ ስለ ሕክምናው በእምነቱ የሚጠይቅ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ያ የባልና የሚስት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤

1ኛ. ለሕክምና ርቆ የሚሄድ አባል መዋጮው እስኪመለስ ይጠበቅለት፤ ከመዝገብ አይሰረዝ። ወዴትና ለምን እንደሄደም አይጠየቅ።

2ኛ. ቤቱንና ከብቱን የሚያይ ጎረቤት በተራ ይመደብ። የሩዝ አጨዳ ከደረሰ ደቦ ይወጣለት።

3ኛ. ሲመለሱ «እንኳን ደኅና ገባችሁ» ይባል፤ እንጀራና ቡና ይዞ መግባት ነው። ስለ ሆድ የሚጠይቅ አይኑር። የሚነገር ነገር ካለ ራሳቸው ይነግሩናል።

4ኛ. «መካን» የሚለው ቃል በእድራችን ስብሰባም ሆነ ድንኳን ውስጥ በሰው ላይ እንዳይነገር።

ልጅ የሌለው ሰው ነገ ሲያረጅ ጧሪው፣ ሲሞት ቀባሪው ጎረቤቱ ነው። እድር የተቋቋመውም ለዚሁ ነው። በሐሳቡ የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ፤ የሚጨመር ያላችሁም ተናገሩ።

የእድሩ ጽሕፈት ቤት፣ ሐሙሲት