ሸለምጥማጥን ከዶሮ ቤት ስለ ማራቅ
(ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገረው የመጣሁት ነገር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዐሥር ዶሮ ያላት አንዲት ባልቴት ማለዳ ተነሥታ ስድስቱን ተነክሰው ሞተው ብታገኝ፥ የጨውዋና የልጅዋ ደብተር መግዣ ነበሩና ለእርስዋ ትንሽ አይደለም። ይህን ከሚያደርጉት አውሬዎች አንዱ ሸለምጥማጥ ነው፤ ይኸውም ገላው ቀጭንና ነጠብጣብ፥ ጅራቱ ረዥምና ቀለበት ቀለበት ያለበት፥ ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚያድን፥ ዛፍም ግድግዳም የሚወጣ ነው።

ባላገሩ እርሱን ለማጥፋት የገመድ አሽክላ ያጠምዳል፥ ወይም መርዝ የተቀባ ሥጋ ይጥላል። ሁለቱም አይበጁም። አሽክላ የጎረቤትን ድመት ከሸለምጥማጥ ለይቶ አያውቅም፤ የያዘውንም ሲያሠቃየው ያድራል። መርዝ ግን ከዚህ ይብሳል። መርዙን በልቶ የሞተውን እንስሳ ጥንብ አንሣ ይበላውና እርሱም ይሞታል፤ ጥንብ አንሣ ባለቀበት አገር ደግሞ የሞተውን ከብት ከሜዳ የሚያጸዳ አይገኝም። ያን ሥጋ ሕፃን ቢያነሣው ምን እንደሚሆን ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ሸለምጥማጥ አይጥ አዳኝ መሆኑንም አንርሳ። በጎተራችን ዙሪያ የሚፈጀውን አይጥ ብንቈጥርለት ኖሮ ስለ ዶሮዋ ምናልባት ይቅር እንለው ነበር። ባለ ዶሮዋ ግን በዚህ አትስማማም፤ እኔም አልፈርድባትም።

እንግዲህ ከወጥመድ አስቀድሞ የሚሠራው የዶሮው ቤት ነው። ጡጫ የማያስገባ ቀዳዳ ለዚህ አውሬ በር ነው፤ ራሱ ካለፈ ገላው ይከተላልና። ስለዚህ ቀዳዳውን በእንጨትና በጭቃ ወይም በጠንካራ የሽቦ መረብ መድፈን፥ በጣራው ላይ የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ መቍረጥ፥ የዶሮ አንጀትና አጥንት በደጅ አለመጣል፥ ጀምበር ሳትጠልቅም ዶሮዎቹን አስገብቶ መዝጋት ይገባል። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ ጊዜ ወጥመድ አያስፈልገውም።

እኔ በወጣትነቴ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሳስተምር ይህን አላውቅም ነበርና፥ አንዲት ሸለምጥማጥ በሣጥን ወጥመድ ያዝሁና የሁለት ሰዓት መንገድ ተጕዤ ለቀቅኋት። መልካም የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ በአጥሩ ጥግ ካለው ውስጡ ከተቦረቦረ የወይራ ግንድ የግልገሎችዋ ድምፅ ተሰማ። አንዱንም ማዳን አልቻልሁም። የዶሮ ቤቱንም ቀዳዳ አልደፈንሁትም ነበርና ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ሸለምጥማጥ ገባበት።

ራቅ አድርጎ መልቀቅ ሌላም ጕዳት አለው። አውሬው ውኃውንና መሸሸጊያውን በማያውቀው አገር ይንከራተታል፤ ብዙ ጊዜም ይሞታል። በሽታም ቢኖርበት ወደ አዲስ አገር ይዞት ይሄዳል። በባሌ ተራሮች በ1996 ዓ.ም. ከውሾች የተላለፈው የእብደት በሽታ፥ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን ቀይ ቀበሮ ብዙ ፈጅቶበታል።

ቤቱ ተደፍኖም አውሬው ካልተወ፥ አስቀድሞ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቍጥር 541 አደንን በፈቃድ ብቻ አድርጎታልና። ከተፈቀደ በኋላ የሚበጀው ሥጋ ወይም እንቍላል ገብቶበት በሩ ወርዶ የሚዘጋ ሣጥን ነው። ማታ ይከፈታል፥ ጎሕ ሲቀድ ይታያል፤ በፀሐይ የተረሳ አውሬ ይሞታልና። ከተያዘ ሣጥኑን በጆንያ ሸፍኑት፥ ጨለማ ያረጋጋዋል። ወፍራም የቆዳ ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት፥ ልጆችንም አታስጠጉ። ጡቷ ወተት የያዘ ብትሆን እዚያው ልቀቋት፤ ሌላውንም በዚያው አካባቢ ካለው ዱር አታርቁት። ስትለቁትም ከሣጥኑ በስተኋላ ቆማችሁ በሩን አንሡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በቀን ሰው ሳይፈራ የሚመጣ፥ የሚንገዳገድ ወይም ያለ ምክንያት የሚናከስ አውሬ ቢታይ ማንም አይጠጋው፤ ልጆቹን ወደ ቤት አስገብታችሁ ወደ ወረዳው ላኩ። የእብደት በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ያስደፍራል። ምልክቱ ሳይታይ ግን መድኃኒት አለው፤ ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. በውሻ የተነከሰውን ልጅ በክትባት ካከመ ወዲህ ይህ የታወቀ ነው። የተነከሰውን ወይም የተቧጨረውን ቁስል በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል እጠቡት፤ በርበሬም ቅጠልም አታድርጉበት፤ ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁም አትዘግዩ፥ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ልጅ ቅጣት ፈርቶ ንክሻውን ሊደብቅ ይችላልና የሚነግራችሁን ልጅ አትቈጡት። ክትባቱ በየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚገኝ መምህራን ከዛሬ ጀምሮ ጠይቃችሁ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ጽፋችሁ ስቀሉት።