ስማቸው በካሴቱ ያልተጠራው ጊታረኛ
(በተማሪዎች ማኅበር የሙዚቃና የሥነ ጽሑፍ ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርላቸው የመጣነው ሰው ዘፋኝ አይደሉም። ይህን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ምን ሊባልላቸው ነው?» ማለታችሁ አይቀርም። ንግግራችን የሚነሣው ከዚሁ ጥያቄ ነው።

እኛ ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች ሁለት ዐይነት ዜማ እየሰማን አድገናል። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗን የማያውቅ የለም። በየአገሩ ብዙ ዓመት ድጓ የተማረ ሰው በመጨረሻ ወደዚያ ወርዶ በመምህሩ ፊት ይፈተናል፤ ሲበቃም ይመሰከርለታል። እገሌ ከእገሌ ተማረ፥ እገሌም መሰከረለት እየተባለ የመምህራኑ ስም ይቆጠራል። በ16ኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የድጓን ምልክት የሠሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንኳ እስከ ዛሬ በስማቸው ይታወሳሉ።

ሁለተኛው የአዝማሪው ዜማ ነው። አዝማሪ በአንዲት የፈረስ ጭራ ክር ይጫወታል፤ ግጥሙን እዚያው ያበጃል፤ ድምፁን ከመሰንቆው ያስማማል፤ ሰውን ያስቃል፥ ይነካል፥ ያወድሳል። የስንት ሰው ሥራ ብቻውን ይሠራል። ሆኖም በእስቴ በአንድ ሠርግ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ስንጨፍር አድረን፥ በማግስቱ የባለ መሰንቆውን ስም ብንጠያየቅ የሚያውቅ ከመካከላችን አልተገኘም። ዐፈርን። ይህን ንግግር ያመጣው ያ ዕፍረት ነው።

ከዚህ ዕጣ ዘመናዊው ሙዚቀኛም አላመለጠም። ካሴት የገዛ ሰው የሚያየው የዘፋኙን ፎቶግራፍና ስም ነው። ከዘፋኙ ጀርባ ቆሞ ዜማውን ያቀናበረውና ጊታሩን የመታው ግን ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከነዚህ ካልተጠየቁት ሰዎች አንዱ አቶ ሰላም ሥዩም ወልደ ማርያም ናቸው። (ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አቶ ሰላም ከባስ ጊታሩ ባለሙያ ከጆቫኒ ሪኮ ጋር የአይቤክስ ባንድ ምሰሶ ነበሩ። በ1975 ማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» የተባለውን ዘፈን ሲያስቀርጽ ያጀበው ይኸው ባንድ ነበር። በ1976 ደግሞ ባንዱ በራስ ሆቴል አዳራሽ ዘፋኝ የሌለበት፥ የመሣሪያ ብቻ ሙዚቃ አስቀረጸ። አጃቢው ራሱ ሊሰማ የሚገባው መሆኑን በሥራ ያስረዳበት ጊዜ ነውና ይህን ልብ በሉልን።

«ጊታር የፈረንጅ ነው፤ ምን ያኮራል?» የሚሉን አሉ። መልሳችን ሥራቸውን ስሙ የሚል ነው። ጄምስ ብራውን ለዓለም ባስተዋወቀው ፈንክ በተባለው የአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ፥ ጊታር እንደ ከበሮ ይመታል፤ ክሩ በጣት ታፍኖ ድምፁ ሳይረዝም በአጭር በአጭሩ ይቆረጣል። አይቤክሶች ይህን አመታት ተቀበሉ፤ ያሳደሩት ግን በእኛው ቤት ነው። ቅኝቱ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰል፥ አንቺሆዬ ሆኖ ቀረ፤ ምቱም ወደ ችክችካ አዘነበለ። እንዲህ ሲሆን ጊታሩ የክራርን ቦታ ያዘ እንጂ ክራርን አላባረረም። እንግዳ ዕቃ የራስን ነገር እንዲናገር ማድረግ ቀላል ሙያ አይደለም።

ቀጥሎ አይቤክስ «ሮሃ ባንድ» ሆነ። ሮሃ ማለት የጥንቱ የላሊበላ ስም ነው፤ ከነፋስ መውጫ በጋሸና በኩል ለሚጓዝ ለእኛ አገር ሰው ጎረቤት ነው። ዘመኑ የደርግ ዘመን ነበር። በሰዓት እላፊው ምክንያት የሌሊቱ ጨዋታ ተዳክሞ ነበር፤ በሸክላው ፈንታም ካሴት ገበያውን ይዞ ነበር። ሮሃ ባንድ በዚያ ጠባብ ጊዜ ለማሕሙድ፥ ለኤፍሬም ታምሩ፥ ለንዋይ ደበበና ለሌሎችም እያቀናበረ በመቶ የሚቆጠሩ ካሴቶችን ሠራ። ዛሬ በየሚኒባሱና በየሻይ ቤቱ የምንሰማው የዚያ ዘመን ዘፈን፥ ድምፁ የዘፋኙ ይሁን እንጂ አካሉ በብዙው የነዚህ ሰዎች እጅ ሥራ ነው። በ1980 ከማሕሙድ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግረው ሲጫወቱ፥ ዘመናዊውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ እዚያ ካሰሙት ቀዳሚዎች ሆኑ። በ1986 ደግሞ «እሬ መላ መላ» በቤልጅግ ታትሞ ለአውሮፓ አድማጭ ደረሰ።

እስከዚህ የነገርናችሁ የአንድ ጎበዝ ሙዚቀኛ ታሪክ ነው። እኛን ይበልጥ የነካን ግን የሚቀጥለው ነው። አቶ ሰላም ጊታራቸውን ሳይጥሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተማሩ። በ1988 ለመመረቂያ ያቀረቡት ጽሑፍ ርእሱ የዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥና ዕድገት በኢትዮጵያ፥ ከ1896 እስከ 1974 የሚል ነው። ከዐድዋ ድል ዓመት እስከ ዘውዱ መውደቅ መሆኑ ነው። በዚያ መካከል በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች አሉ፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን አሉ፤ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሙዚቀኞች አሉ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት ይህን ሙዚቃ ለዓለም ማሰራጨት የጀመረው፥ ጽሑፉ ከቀረበ ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። እንግዲህ ታሪካችንን ባዕድ እስኪጽፍልን አልተጠበቀም፤ ስሙ በካሴቱ ያልተጠራው አጃቢ፥ እንደ እኛ ተማሪ ሳለ፥ የሌሎቹን ስም ጻፈ።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ሁላችንም ጊታር እንምታ አንላችሁም። ከመካከላችን መምታት የሚፈልግ ቢኖር ግን «ሥራ ፈት» አንበለው። ሁላችንም ልንሠራው የምንችለው ሌላ ነገር አለ። በመጪው ክረምት ወደ አገር ቤት መድረስ የቻልን ሁሉ አንድ አንድ ደብተር እንያዝ። በጋይንት፥ በስማዳ፥ በእስቴ ያገኘነውን ባለ መሰንቆ ስሙን ከነአባቱ፥ ማን እንዳስተማረው፥ በየትኛው ቅኝት መጫወት እንደሚወድ ጠይቀን እንጻፍ። ከፈቀደም በስልካችን እንቅረጸው፤ ደብተሩንም ለማኅበራችን ቤተ መጻሕፍት እናስረክብ።

የድጓው መምህር በቤተልሔም ምስክር አለው። ለአዝማሪውና ለጊታረኛው ምስክር እንሁንላቸው።