ዋንጫው በማን ስም ይጠራ? ሉቺያኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሰሞን፣ ከተማሪዎችና ከሠራተኞች ግጥሚያ ሦስት ቀን አስቀድሞ፣ በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ሁላችሁም እንደምታውቁት በመጪው ቅዳሜ ከዚህ ፓርክ ሠራተኞች ጋራ የበዓሉን ግጥሚያ እናደርጋለን። ዋንጫው ተገዝቶ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ተቀምጧል፤ ስም ግን ገና አልተጻፈበትም። የስፖርት ክበባችን ሁለት ስም አቅርቦ ድምፅ ስጡ ብሎናል፤ ይኸውም ሉቺያኖ ቫሳሎ ወይስ መንግሥቱ ወርቁ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየክፍሉ ሰላም የለም። ባለፈው ሳምንት የሒሳብ መምህራችን እንኳ ጠመኔውን አስቀምጠው ክርክሩን ለመዳኘት ተገደዋል።

ክርክሩ በእኛ ቤት ከጥንት የነበረ ነው። አያቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረተኛ ናቸው። በወጣትነታቸው የፋብሪካውን ቡድን፣ ኮተንን፣ ወይም በአማርኛ ጥጥ ማኅበር የሚባለውን ሲደግፉ ኖረዋል፤ ሉቺያኖም የተጫወተው ለዚሁ ቡድን ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ግን አዲስ አበባ ያደጉ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ስለ ሆኑ፣ ከመንግሥቱ በላይ ሰው አልተፈጠረም ይላሉ። ሁለቱ በዓመት በዓል ሲገናኙ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ነገሩ ይጀመራል። አያቴ «መንግሥቱ ኳስ ያለበት ይደርሳል፤ ሉቺያኖ ዘንድ ግን ኳሱ ራሱ ይመጣል» ሲሉ፣ አጎቴ ደግሞ «መጥቶ መረብ ካልነካ ምን ይሠራል?» ብለው ይመልሳሉ።

እኔ ሁለቱንም አላየኋቸውም፤ ከእኛ ከተማሪዎች ያየ የለም። ስለዚህ በሽማግሌ ወሬ ብቻ ከመፍረድ፣ ሁለቱ በአንድ ማልያ የተሰለፉበትን ጨዋታ ተመልክቶ መፍረድ የሚሻል መሰለኝ።

ያ ጨዋታ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የተደረገው የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ጥምቀት ዓርብ ውሎ፣ ቅዳሜ ቃና ዘገሊላ አልፎ፣ ግጥሚያው በእሑድ ቀን ዋለ። ባላጋራችን በዚያን ጊዜ የተባበሩት ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ነበረች። ግብፅ የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ስትሆን፣ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ፣ በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ እኛን ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 አሸንፋናለች። ወደ ሜዳ የገቡት ልጆች ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር።

በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ ለግብፅ አገባ። እኛ በ74ኛው አስተካከልን፤ ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ ያው ባዳዊ በ75ኛው ደገመ። እንግዲህ ነገሩን አስቡት፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳይሆን አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ደስታችን ተነጠቀ። ይህ ብዙ ቡድን የሚፈርስበት ሰዓት ነው፤ እኛም በክፍሎች ውድድር ላይ እንዲህ ሆነን ስንፈርስ አይታችሁናል። በ84ኛው ደቂቃ የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ አስተካከለ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው ደቂቃ ሦስተኛውን አገባ፤ በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረና 4 ለ 2 ተፈጸመ። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ አላገኘችም።

አጎቴ በዚህ አይረቱም። «ፍጻሜው ብቻ ጨዋታ ነውን?» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 ስናሸንፍ ከአራቱ ሁለቱን ያገባው መንግሥቱ ነበር። በዚያ ውድድር በሦስት ጎል ከባዳዊ ጋራ እኩል ሆኖ ከሁሉ በላይ ያገባ ተጫዋች ተብሏል። ከዚያም ወዲያ ዓመታት አልፈው ሲቆጠር፣ በአፍሪካ ዋንጫ መንግሥቱ 10 ጎል፣ ሉቺያኖ 8 ጎል ሆኗል። አንዱ አጥቂ፣ ሌላው ከመሐል ሜዳ ጨዋታ የሚያከፋፍል ሰው መሆኑን ስናስብ ግን ስምንቱም ጥቂት አይደለም። እኔ በበኩሌ ጎል በማግባት መንግሥቱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ አያቴ ይህን ሲሰሙ እንዳይቆጡኝ እዚህ የተቀመጡትን ወላጆች አማላጅ አድርጌአለሁ።

ይሁን እንጂ አንድ የማይካድ ነገር አለ። በ84ኛው ደቂቃ ያ ጎል ባይገባ 117ኛ ደቂቃ የሚባል ነገር ባልኖረም ነበር። ጨዋታው በ90 ደቂቃ አልቆ ሦስተኛ ሽንፈታችንን ይዘን በገባን ነበር።

ከጓደኞቼ መካከል ደግሞ «ሉቺያኖ የድሬ ልጅ አይደለም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የተወለደው በ1927 ዓ.ም. አስመራ ሲሆን አባቱ ጣልያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። እርሱ ራሱ በኋላ ዘመን እንደ ተናገረው፣ በዚህ ምክንያት የብሔራዊ ቡድን አምበል መሆኑን ያልወደዱ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በድሬዳዋ ቆመን «ከሌላ አገር መጣ» ብለን ሰው መቀነስ ከጀመርን ማን ይቀራል? ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። አያቴም ከሐረርጌ ገጠር፣ አያታችሁም ከየመን ወይም ከጉራጌ የመጡ ናቸው። ከዚህ ፓርክም በር ላይ ጧት የሚወርደው ሠራተኛ ከስንት አገር እንደ ተሰበሰበ እናንተ ሠራተኞች ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ኮተን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960፣ በ1962፣ በ1963ና በ1965፣ በኋላም በ1983 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ በወሰደችበት ዓመት የአገር ውስጡን ዋንጫ የወሰደው የፋብሪካ ቡድን ነበር ማለት ነው። በዚያ ዘመን ኳስ ብቻውን እንጀራ አይሆንም ነበር። ይህ ነገር ስለ ቅዳሜው ግጥሚያ ስናስብ ሊረሳ አይገባውም፤ «የልብስ ሰፊዎች ቡድን ምን ያደርገናል» ሲባል ሰምቻለሁና።

ከሜዳ ከወጡ በኋላ የሁለቱ ዕድል ተለያየ። መንግሥቱ ከጊዮርጊስ ሳይለይ ተጫውቶ አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫም ብሔራዊ ቡድናችንን የመራ እርሱ ነው። በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሲያርፍ የሚያለቅስለት ብዙ ሕዝብ በአገሩ ነበረው። ሉቺያኖም ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥኗል፤ ከአብዮቱ በኋላ ግን በጅቡቲ በኩል አገር ለቆ ጣልያን ገባ። የሕይወቱንም ታሪክ በጣልያንኛ ጻፈ፤ እኛ ልናነበው በማንችለው ቋንቋ መሆኑ ያሳዝናል። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሮማ ላይ ዐረፈ። የሞቱ ወሬ በተሰማ ዕለት አያቴ ራዲዮውን ዘግተው ደጅ ወጥተው ተቀመጡ። እኔ «ማን ነው የሞተው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እውነቱን ለመናገር ስሙን የሰማሁት በዚያን ቀን ነበር፤ ከፋብሪካው አጥር እስከ ቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፣ በዚያ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ኳስ ስንጫወት አድገናል!

መንግሥቱን ለማስታወስ አዲስ አበባ አለች፤ ጊዮርጊስ አለ። ሉቺያኖን ግን ድሬዳዋ ካላስታወሰችው ማን ያስታውሰዋል? ስለዚህ ምንም እንኳ ጎል አግቢነቱን ለመንግሥቱ ብሰጥም፣ ድምፄን ለሉቺያኖ እሰጣለሁ። አጎቴ ይህን ከሰሙ በፋሲካ ስጦታ እንደማይልኩልኝ ዐውቃለሁ።

በተረፈ የስፖርት ክበቡ ያሳሰበኝን ልናገር። የድምፅ መስጫው ሣጥን በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ተቀምጧል፤ ዓርብ በ6 ሰዓት ይዘጋል። መምህራንና ወላጆችም መስጠት ይችላሉ። ግጥሚያው ስለ ሙቀቱ ቅዳሜ ከቀኑ በ10 ሰዓት ይጀመራል። በረኛችን ጣቱን ስለ ተጎዳ ከ11ኛ ክፍል ተተኪ እየተፈለገ ነውና፣ ደፋር ያለ እንደ ሆነ ከዚህ ንግግር በኋላ ወደ እኔ ይምጣ።