የተዘጋው ክፍልና የቆቦ እንቆቅልሽ

ወንድ አቅራቢ፦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ጃፓናዊው ታካኦ ካቶ በኪዮቶ ከተማ የጀመረው፣ ሰዎች በአንድ ክፍል ተዘግተው በተወሰነ ሰዓት ምሥጢር እየፈቱ የሚወጡበት ጨዋታ ጣዕሙ ከምን እንደሚመነጭ ስመረምር፣ ኅሊናዬ ወደ ቆቦ የእንቆቅልሽ ምሽት ሄደ።

ሴት አቅራቢ፦ ደግ አሰቡ ወንድሜ። ቆቦ ባለችበት በራያ ቆላ፣ ማሽላው አፍርቶ በቆመበት ወራት፣ ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ብሎ፣ ልጆቹም «ምን አውቅልህ» ብለውት፣ «በአንድ እግሯ ቆማ ልጆቿን ሁሉ በራሷ የተሸከመች» ቢላቸው፣ መልሱ ቀኑን ሙሉ ከወፍ ሲጠብቁት የዋሉት ማሽላ ሆኖ ሳለ ይጨነቃሉ። ደስታው ከዚህ ነው፤ ቍልፉ በዓይን ፊት ተቀምጦ ሳለ አለመታወቁ።

ወንድ አቅራቢ፦ ስለዚህም ምሥጢሩ ከታሪኩ ጋር ያልተዛመደ፣ ከውጭ የመጣ ዕውቀት የሚሻ ክፍል፣ ግድግዳው ምንም ያህል ቢያጌጥ ተጫዋቹን ያስቀይማል።

ሴት አቅራቢ፦ ስለ ሽንፈቱም ዝም ልል አልወድም። መላሹ ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አላማጣን ቢሰጥ ጠያቂው እንቢ ብሎ ወልድያን ይሻል፤ ተስማምተው መልሱ እስኪነገርም ድረስ ሳቁ ይቀጥላል። ሰዓቱ ሲያልቅ በሩ ተከፍቶ «ውጡ» ብቻ የሚባልበት ክፍል ይህ ወግ ይጎድለዋል፤ አስተናጋጁ ለተሸነፉት ምሥጢሩን ከጥንተ ነገሩ ጀምሮ አንድ በአንድ ሊገልጥላቸው ይገባል።