ማጫወቻው ይለወጥ ወይስ ፓወር ሰፕላዩ?



ሙዚቃን ከኢንተርኔት የሚቀበል ማጫወቻ ያለው ሰው የድምፁን ጥራት ለማሻሻል ሲሻ፣ መሣሪያውን ልለውጥ ወይስ ፓወር ሰፕላዩን ብሎ ይጠይቀናል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ በመሆኑ መልሳችን በግምት ሊሰጥ አይገባም።

በመስመር የሚመጣው ሙዚቃ ቁጥር ነው፤ የጎደለው ተለይቶ እንደገና ይላካል። ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ ቁጥሩን አያሳምረውም። ጉዳት የሚያደርሰው ቁጥሩ ወደ ድምፅ ሞገድ በሚለወጥበት ክፍል ላይ ነው። የአገራችን የ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ በትራንስፎርመርና በዳዮድ ወደ ዲሲ ሲለወጥ የ100 ኸርዝ ርጋብ ይተርፋል፤ በሚገባ ካልተጣራም ከሙዚቃው ሥር ጉርምርምታ ሆኖ ይሰማል።

እንግዲህ አስቀድመን እንፈትን። ማጫወቻውን የሚጠይቀውን ቮልትና አምፔር በትክክል በሚሰጥ ባትሪ እናሠራው፤ አድማጩም የትኛው እንደተገጠመ ሳያውቅ ይፍረድ። ልዩነት ከተሰማው ፓወር ሰፕላዩ ይለወጥ። ካልተሰማው ግን ገንዘቡ ለማጫወቻው ይዋል፤ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ሌላ መሣሪያ ከሆነም ለዚያ ይቀመጥ።

ደንበኛው ምክራችንን አምኖ የሚያወጣው ገንዘብ በእጃችን ያለ አደራ ነው። ሳንፈትን «ይህን ግዛ» ብንል የምናጎድለው እምነቱንም ጭምር ነው።