«ሰከንድ ሃንድ» ስለሚባለው ቃል
(በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በእንግሊዝኛ ቋንቋ ሁለት ቃላት ተጣምረው አንድ ቅጽል የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው። ከነዚህ መካከል ዛሬ ላነሣው የወደድኩት በየገበያው የምንሰማውን «ሰከንድ ሃንድ»ን ነው። ቃል በቃል ሲተረጐም «ሁለተኛ እጅ» ይሆናል፤ ነገር ግን የወንበር ሁለተኛ እጁ የቱ ነው? ትርጓሜው ዕቃው ከመጀመሪያው ባለቤት እጅ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው እጅ ገባ ማለት ነው።

«አሮጌ» ብሎ መተርጐም ስሕተት ነው። ትናንት ተገዝቶ ዛሬ የተሸጠ ኮት ሰከንድ ሃንድ ነው እንጂ አሮጌ አይደለም፤ አያት በሣጥን ያኖሩት ያልተለበሰ ካባ ግን አሮጌ ነው እንጂ ሰከንድ ሃንድ አይደለም። ነጋዴዎቻችን ስለ መኪና ሲናገሩ «ያገለገለ» ይላሉ። እኔ ይህን ከእንግሊዝኛው አስበልጣለሁ፤ እንግሊዝኛው የባለቤቱን እጅ ሲቆጥር አማርኛው የዕቃውን ድካም ያስባልና። ለልብስ ሲሆን «ሰልባጅ» እንላለን፤ ይህም «ሳልቬጅ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ይመስላል፤ እንግዲህ ቃሉም እንደ ልብሱ ከሌላ ሰው የደረሰን ነው።

ቅጽሉ ከዕቃ አልፎ ለወሬና ለዕውቀትም ይነገራል። በዚህ ጊዜ አማርኛችን «የስሚ ስሚ» የሚል የራሱ አነጋገር አለው፤ እነርሱ በእጅ የቆጠሩትን እኛ በጆሮ ቆጠርነው። ሐዋርያው ቶማስ የጌታን መነሣት ከባልንጀሮቹ በሰማ ጊዜ የደረሰው ወሬ ሰከንድ ሃንድ ነበርና በዓይኔ ካላየሁ አላምንም አለ። እኛ ተማሪዎች ግን ከቶማስ ይልቅ ለማመን የፈጠንን ነን። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ሰከላ ሄዶ ስለ ዓባይ ምንጭ የጻፈውን በእንግሊዝኛ እናጠናለን፤ በዚያው በግሽ ዓባይ አጠገብ የሚያርሰውን ገበሬ ስለ ምንጩ ምን ያውቃሉ ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን ማን ነው? የባዕዱን መጽሐፍ መናቄ አይደለም፤ ብሩስ በእግሩ ሄዶ አይቷል። የገዛ አገራችን ነገር ከሁለተኛ እጅ የሚደርሰን ለእኛ ነው።

ስለ ሲጋራ ጢስም ይህንኑ ቅጽል ይናገራሉ። አንዱ ያጨሳል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሳይገዛና ሳይጠየቅ ጢሱን ይስባል። በዚህ ምክንያት በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ የማያጨሱ ሰዎች እንደሚሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል።

በመጨረሻ፣ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለችውን ትንሽ ሰረዝ ለፈተና ተቀማጮች አደራ እላለሁ። እርሷ ከተነሣች ነገሩ ሴኮንድ የሚቆጥረው ቀጭኑ የሰዓት ዘንግ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰከንድ ሃንድ የሌለው የሰከንድ ሃንድ ሰዓት መግዛት ይቻላል፤ ዋጋውም ረከስ ይላል።